የቄስ ይስማው ኪኒን

ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ይህን ከወዲሁ ልናገር፤ ንፋስ መውጫ ውስጥ ግማሹ ሰው «ያወጣችው ህይወት ናት» እያለ ያስወራብኛልና።

ህይወት እኔ ነኝ። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ አጠገብ አሥራ አራት ዓመት ቆሜአለሁ። በእኛ አገር ሰው የሚያረጋጋና የሚያስተኛ መድኃኒት ሲታዘዝለት «የቄስ ይስማውን ስጪኝ» ይላል። ከስማዳ የመጣውም፣ ከእስቴ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣውም እንደዚሁ ነው። የቸኮለው አሳጥሮ «የቄሱን» ይላል። ባለፈው ዓመት አንድ አዲስ የተመደበ ነርስ «ይስማው የሚባለውን መድኃኒት የትኛው ፋብሪካ ነው የሚያመርተው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣብኝ።

በፊትማ ይህ መድኃኒት ደህና ስም አልነበረውም። እኛ በትምህርት ቤት የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው። «አረጋጊ» ብለን ስንተረጉመው ሰው አፍጥጦ ያየናል። «ማስታገሻ» ስንለው የራስ ምታት መድኃኒት ይመስለዋል። «የነርቭ» ስንለው ይደነግጣል። የገጠሩ ሰው ግን በራሱ ቃል ጨርሶት ነበር፤ «የእብድ ኪኒን» ነበር የሚለው። ይህ ስም ስንቱን ሰው ከደጄ እንደመለሰ እኔ ነኝ የማውቀው። የሐኪሙን ወረቀት በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ይመጣል፣ ሰው እስኪቀንስ ደጅ ላይ ይንቆራጠጣል፣ ተራው ሲደርስ ዙሪያውን ገልመጥ አድርጎ «የሳል ሽሮፕ አለሽ?» ብሎኝ እርፍ። ሽሮፑን ገዝቶ፣ የሐኪሙን ወረቀት ከነቋጠሮው ይዞ ይመለሳል።

ቄስ ይስማው ግን ደጅ ላይ አልተንቆራጠጡም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሁዳዴ፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ቀጥ ብለው ገቡና ከጥምጣማቸው እጥፋት ውስጥ ወረቀት መዝዘው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡልኝ።

«ልጄ፣ ሐኪሙ እንቅልፍ ጽፎልኛል» አሉ።

አጭር፣ ቀጭን፣ እጃቸው በሞፈር የሻከረ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው እዚሁ አገራችን ካለችው ከቤተ ልሔም ደብር የዜማውን መጽሐፍ፣ ድጓን፣ ሊማሩ ገብተው፣ አባታቸው ሲሞቱ መሬቱ ጦም እንዳያድር ትምህርቱን ትተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ቀን ገበሬ፣ ግማሽ ቀን ካህን ሆነው ኖረዋል። ይህን ሁሉ ኋላ ነው የሰማሁት። ያን ዕለት ያየሁት ዓይናቸውን ብቻ ነው። ቀልቶ፣ ከጉድጓዱ ገብቶ፣ ስንት ወር እንዳልተኙ ሳይናገሩት ይናገር ነበር።

ከኋላቸው ሰልፉ ረዝሟል። መድኃኒቱን በትንሿ የወረቀት ከረጢት አደረግሁና ላይዋ ላይ ጻፍሁ፤ አፌም እንደለመደው ወረደው፤ «ጠዋት አንድ፣ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ። እንዳይዘሉ አደራ!»

እስኪ ፍረዱኝ። ጥምጣም የጠመጠመ ሰው፣ በሁዳዴ፣ ፊቴ ቆሞ! እኔው ራሴ ጾመኛ ሆኜ ውኃ እንኳ አልቀመስሁም። አንድ ጥያቄ ጠፋኝ፤ «አባቴ፣ ጠዋትና ቀን እንዴት አድርገው ሊውጡት ነው?» አላልሁም። የሚቀጥለውን ሰው ጠራሁ።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። በዚያ ሳምንት የቅዳሴው ተረኛ፣ ሰሞነኛው፣ እርሳቸው ናቸው። ጠዋት አፋቸው ላይ ምንም አልጨመሩም። ቀን ላይ መቅደስ ውስጥ ነበሩ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቅዳሴው አልቆ ቤታቸው ሲገቡ ቂጣቸውን ቆረሱ፣ ከረጢቷን አነበቡ፣ «እንዳይዘሉ አደራ» ማለቴንም አስታወሱ። ቄስ ናቸውና በቄስ ልማድ አሰቡት። በእርሻ ወይም በመንገድ ምክንያት የጠዋት ሦስት ሰዓቱና የቀትሩ ጸሎት ሲታጎልባቸው፣ ማታ ከሠርኩ ጸሎት ጋር አንድ ላይ ያደርሱታል። መድኃኒቱንም እንደዚሁ አደረጉት። የጠዋቱን፣ የቀኑንና የማታውን ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ዋጡ። ወራት ሙሉ ያልተኛ ሰውነት፣ ቀኑን ጾሞ በዋለ ሆድ፣ በስድሳ ዓመት ዕድሜ!

ሐሙስ ጠዋት ባለቤታቸው እመት አመለወርቅ ቢቀሰቅሷቸው ቢቀሰቅሷቸው አልነቃ አሉ። እጃቸው ቀዝቅዟል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ሴትዮዋ ጮኹ። አስቀድሞ የደረሰው ጎረቤታቸው ገብሬ ነው። ገብሬ ደግሞ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነው፤ ሥራውን የሚወድ ሰው። ጆሮውን አንድ ጊዜ ደረታቸው ላይ አስጠጋ፤ ምንም አልሰማሁም አለ፤ ሮጦ ወጥቶ ጉብታው ላይ ቆመና ነፋው። ሁለተኛ ጊዜ ቢያዳምጥ ምን ነበረበት? እስከ ዛሬ ሳገኘው እጠይቀዋለሁ።

«ቄስ ይስማው አረፉ!» ተባለ። ከማዶም ከወዲህም ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ እየጮኸ መጣ። ካህናቱ የዕለቱን የቅዳሴ ዝግጅት ትተው መጡ። ጎልማሶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር አቀኑ። ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ቤቱ በሰው ጢም ብሎ፣ አልቃሿ ሙሾዋን ልትጀምር ጉሮሮዋን ስትጠርግ፣ ሟቹ መደቡ ላይ ተነሥተው ተቀመጡ። ዙሪያቸውን ቃኙ። ነጠላውን አዩ፤ እንባውን አዩ።

«ምነው? ማን ሞተ?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት እኮ አባቴ» አለ ገብሬ፤ ጥሩምባውን እንደያዘ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ገበያው ነው የጨረሰው። ቅዳሜ ሳይደርስ ወሬው ንፋስ መውጫ ገባ። በሚቀጥለው ሳምንት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ደርሷል። ሰው እንቅልፍ ከጣለው «ይስማውን ዋጠ እንዴ?» ይባላል። የሚኒባስ ረዳቱ የሚያንቀላፋ ተሳፋሪ ሲቀሰቅስ «ማን ሞተ?» ብሎ ይነቀንቀዋል፤ መኪናው ሙሉ ይስቃል። አንድ ቅዳሜ ደግሞ አንዲት ሴትዮ ባንኮኒዬ ላይ ደገፍ ብላ ወረቀቷን ሰጠችኝና «ያንን የቄስ ይስማውን ነው» አለችኝ። «ምኑን?» ብያት ታሪኩን ስታጫውተኝ ነው የሆነውን ሁሉ ያወቅሁት። «ጠዋት አንድ፣ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ» ያለችው አፍ የማን እንደሆነች የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ቄሱ የተረፉት በእግዚአብሔር ቸርነት ነው እንጂ በእኔ ጥንቃቄ አልነበረም።

መጀመሪያ ለሐኪሙ ደውዬ ነገርሁት። እርሱም ደነገጠ፤ ትእዛዙን ለውጦ ማታ ብቻ አንድ እንዲወስዱ እንዳደርግና ተመልሰው እንዲታዩ ነገረኝ። ቄሱ ግን አልተመለሱም። እጠብቃለሁ፣ የሉም። ፋሲካ አለፈ፣ የሉም። በመጨረሻ በግንቦት አንድ እሑድ ሱቁን ዘግቼ በሚኒባስ ወረድሁና የቀረውን በእግሬ ሄድሁ።

ሰንበት ስለሆነ በሬዎቹ ቆመዋል። ቄስ ይስማው ጥምጣማቸውን ፈትተው፣ ራሳቸውን በሻሽ ሸብ አድርገው፣ የእርሻቸው ድንበር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ቅዳሴ ገና ከመውጣቱ ነው፤ ሰዎቹ ነጭ ለብሰው በመንገዱ ያልፋሉ። እርሳቸው ካህን ሆነው ከቤተ ክርስቲያን ውጭ! ዓይናቸው ከማክሰኞው ዕለት ብሶ ቀልቷል።

«አባቴ፣ መስቀል ያሳልሙኝ» አልሁ።

መስቀላቸውን ከኪሳቸው አላወጡም። «እግዚአብሔር ይባርክሽ» ብቻ አሉ።

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ያቺ መድኃኒት የሰጠሁዎ እኔ ነኝ። ጾመኛ መሆንዎን ሳልጠይቅ፣ እንዳይዘሉ ያልሁዎ እኔ ነኝ። ይፍቱኝ» አልሁ። አለቀስሁ፤ አልዋሽም።

«ተነሺ ልጄ። አንቺ የጻፍሽው ልክ ነው፤ የደመርሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ስለ መድኃኒቱ አልቀየምሁሽም። አንድ ነገር ግን ቸግሮኛል። ሰው ሊሳለም ጎንበስ ሲል ከንፈሩን ሲነክስ አየዋለሁ። ሳቁን ይዞት ነው። ልጆች ደጀ ሰላም ላይ ‹ማን ሞተ› ይላሉ። ያ መስቀል መሳቂያ ከሚሆን ብዬ ኪሴ አኖርሁት። ሰሞኔንም ለሌላ ሰጠሁ። መድኃኒቱንም ወዲያ ጣልሁት። ከቻልሽ ልጄ፣ ስሜን መልሽልኝ።»

«እመልሳለሁ» አልሁ። እንዴት እንደምመልሰው ግን አላውቅም ነበር።

ከቤት ወጥተው እስከ መንገዱ የሸኙኝ ባለቤታቸው እመት አመለወርቅ ናቸው። የተረፈውን የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ ገበያው የማያውቀውን።

ካሌብ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። በጦርነቱ ዓመት እንደ እኩዮቹ ወጥቶ ሄደ፤ አልተመለሰም። ሞተ የሚል መርዶ አልመጣም። አለ የሚልም አልመጣም። አንዱ እዚህ አየሁት ይላል፣ ሌላው እዚያ። መርዶ የሌለው ሰው አይለቀስለትም፤ ፍትሐት አይደረግለትም፤ ተዝካር አይወጣለትም። የአገሩን ሙታን ሁሉ ፈትተው የሚቀብሩት ቄስ ይስማው የልጃቸውን ስም ከሕያዋን ወገን ይጥሩት ወይስ ከሙታን ወገን ሳያውቁ፣ በየቅዳሴው እዚያ ቦታ ሲደርሱ ድምፃቸው ይቆረጣል። እንቅልፍ የነሳቸው ይህ ነው።

«ያን ዕለት» አሉኝ እመት አመለወርቅ፣ «እሱ ‹ማን ሞተ› ሲል ሰው መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ሳቀ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ያን ሁሉ ሰው አየሁት። ነጠላ ያዘቀዘቀ፣ ሊያለቅስ የመጣ፣ ቤቴ ሙሉ። ለልጄ ያላገኘሁት ሰው። ‹ጎበዝ፣ አትሂዱ› አልሁ። ‹ከመጣችሁ አይቀር ለካሌብ አልቅሱልኝ።›»

«ከዚያስ?»

«ይስማው ሊቆጣኝ ነው፣ ‹ልጄን ገደልሽው› ሊለኝ ነው ብዬ ፈራሁ። አየኝ፣ አየኝና ከመደቡ ወርዶ መሬት ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። አልቃሿ ጀመረች። እስከ ሠርክ ለካሌብ ተለቀሰ። ያን ሳምንት ያለ መድኃኒት ተኛ፤ ስምንተኛው ቀን ላይ ግን ያው ሆነ። ገበያው የወሰደው ሳቁን ብቻ ነው።»

ወደ ንፋስ መውጫ ስመለስ በሁሉም ሰው ላይ ተናድጄ ነበር፤ በገብሬም፣ በሚኒባስ ረዳቱም፣ ከሁሉ በላይ በራሴ። በትልቅ ወረቀት ላይ «መድኃኒት በሰው ስም አንሸጥም» ብዬ ጽፌ መስታወቱ ላይ ለጠፍሁ። «የቄሱን ስጪኝ» ያለኝን ሁሉ ማፍጠጥ ጀመርሁ። «ቄስ ሰው ናቸው፣ ኪኒን አይደሉም! ወረቀትህን አሳየኝ!» እል ነበር። ሊስቁ የሚመጡት ቀነሱ። እውነቱን ልናገር ካልሁ፣ «የቄሱን» እያሉ ደፍረው ይገቡ የነበሩት ሕሙማንም ቀነሱ። እነዚያ ደጅ ላይ የሚንቆራጠጡት ተመልሰው መጡ። የሳል ሽሮፕም እንደ ድሮው መሸጥ ጀመረ። አየሁት፤ ግን ቃል ገብቻለሁ ብዬ ጸናሁ።

በሰኔ መጀመሪያ ቄስ ይስማው መጡ። ሐኪሙ ዘንድ ይሂዱ ብዬ በሰው ልኬባቸው ነበር፤ ሄደው ተመርምረው አዲስ ወረቀት አጽፈዋል። ወረቀቱ ግን ገና ጥምጣማቸው ውስጥ ነው። ልውሰድ አልውሰድ እያሉ በሩ ጥግ ባለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የለጠፍሁትን አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያን ጊዜ አንዲት ሴት ገባች። ሐረገ ወይን ትባላለች፤ ከስማዳ ነው የመጣችው። ጥቁር ለብሳለች። ወረቀቷን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ዘረጋችልኝ፤ በጣም ቀስ ብላ «የቄስ ይስማውን ነው ያዘዘልኝ» አለች።

እርሳቸው እየሰሙ! ደሜ ፈላ። «እህቴ፣ እንደዚህ ብሎ ነገር የለም!» አልኋት። «መስታወቱ ላይ የተጻፈው ለማን ነው? መድኃኒቱ የራሱ ስም አለው!»

ሴትዮዋ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ወረቀቷን ከእጄ ወሰደች፤ አጠፈችው፤ መልሳ ቋጠረችው። «እንግዲያው ይቅር» ብላ ወደ በሩ ዞረች።

«ነይ እስኪ፣ ልጄ» አሉ ቄስ ይስማው ከአግዳሚው ላይ። «ያ የጠራሽው ቄስ ማነው?»

«አላውቃቸውም አባቴ» አለች፤ መሬት መሬት እያየች። «አገሬ ሩቅ ነው። ልጃቸው ወጥቶ የቀረባቸው፣ እንቅልፍ ያጡ ቄስ ናቸው አሉ። እኔም ልጄ እንደወጣ ነው። ሰው ሁሉ የእብድ ኪኒን ነው አትዋጪ ሲለኝ፣ አንዲት ከቤታቸው ለቅሶ የዋለች ሴት ‹ኧረ የቄሱ ነው፣ ቄስ የወሰደው ምን ያደርግሻል› ብላኝ ነው የመጣሁት።»

ገበያው የወሰደው ሳቁን ብቻ ነው ብለን ነበር። ለካስ ያን ዕለት ቤታቸው የነበሩት ሴቶች እንባውን ይዘው እስከ ስማዳ ሄደዋል።

«የልጅሽ ስም ማነው?» አሏት ቄስ ይስማው።

«ሙሉቀን።»

ተነሡ። እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱና መስቀላቸውን አወጡ። ሴትዮዋ ተሳለመች፤ ከንፈሯን አልነከሰችም። እርሳቸውም ወደ እኔ ዞረው «ስጫት» አሉኝ።

«እሺ አባቴ።»

«በጠራችበት ስም ስጫት። መስታወቱ ላይ ያለችውን ወረቀትም አንሻት።»

ለሐረገ ወይን ስሰጣት ሁሉንም ጠየቅኋት። ስንት ሰዓት እንደምትጾም፣ ስንት ሰዓት እንደምትቀምስ፣ ሌላ የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ፣ ቤት ውስጥ የሚያያት ሰው እንዳለ። አንድ የረሳሽው ካለ ከሚቀጥለው ጋር እንዳትደምሪው አልኋት፤ ሁለት ጊዜ አስደገምኋት። ቄስ ይስማው በግራ በኩል ቆመው ይሰሙ ነበር። እርሷ ከወጣች በኋላ ጥምጣማቸውን ነካ አደረጉና የራሳቸውን ወረቀት ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

«ለእኔም የእኔን» አሉ።

ከረጢቷን አነሣሁ። እስክሪብቶዬን ሳላስነካ በፊት ቀና ብዬ አየኋቸው፤ በሁዳዴ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኋቸው።

«ሰሞነኛ ነዎት አባቴ?»

«ከመጪው እሑድ ጀምሮ» አሉኝ።